የሚደማውን ድድ በደም ግፊቱ ካርድ ላይ ጻፉት

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የድድ ምርመራ በደም ግፊት፣ በስኳርና በልብ ሕመም ክትትል ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ



ደም ግፊት ያለበት ሰው ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲመጣ ግፊቱ ይለካል፣ ይመዘናል፣ ስለ ጨው ይመከራል፣ መድኃኒቱ ይታደስለታል። ስኳር ያለበት ከሆነ ደግሞ እግሩ ላይ ቁስል እንዳይኖር ይታያል። አፉን ከፍቶ የሚያየው ግን የለም። አፍ የራሱ ክፍል አለው፤ ያውም ሲያም፣ ያውም ጥርሱ ከመነቀል ሌላ መላ ሲያጣ የሚኬድበት ክፍል። ይህ ደብዳቤ የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ድድ ከጥርስ ክፍሉ ወጥቶ በእነዚህ ሕሙማን የክትትል ካርድ ላይ አንድ መስመር እንዲያገኝ። ጥያቄው ቢያጥርም ማስረጃው ረዘም ይላል። ስለ ድድና ስለ ልብ የሚወራው ብዙ ነው፤ ገሚሱ የተጋነነ ነው፤ የጸናውን ካልጸናው ሳይለዩ መጠየቅ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ማሳሳት ይሆናል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድዱ ልጀምር። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በየቀኑ ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ይለጠፋል። ካልተጠረገ ድዱ ይቆጣል፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ያ ሽፋን በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ሲደነድን ሰው የጥርስ ድንጋይ የሚለው ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ በመፋቂያም በቡርሽም አይለቅም። ቁጣው ለዓመታት ከዘለቀ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይሠራል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ይነቃነቃል። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ሁሉ ሲሆን እምብዛም አያምም። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳል፤ የታመመ ድድ ግን አሥር ዓመት ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። በ1965 ሃራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ውስጥ ዳነ። ‹‹ሳይደርቅ በርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ›› የሚለው ብሂል በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ ከዚህ ጥናት አጠገብ ነበር ቦታው።

ድድ በእኛ ዘንድ ያልታወቀ አካል አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ጥቁር ድድ ነጭ ጥርስን ያደምቃልና። ንቅሳቱን የድድ መድኃኒት አድርጎ የሚያየውም ጥቂት አልነበረም። ሰው ድዱን እያየ ኖሯል ማለት ነው፤ ያላየው የጤና ሥርዓቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ የአፍ ሕመም አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑ አዋቂዎች የተያዙት በከባድ የድድ ሕመም ነው። የከባድ ድድ ሕመም ኪሶች ውስጠኛ ገጽ ቢዘረጋ ከ8 እስከ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን ተሰልቷል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቁስል ክንድ ላይ ቢወጣና ለዓመታት ቢያመረቅዝ፣ ከሌላው የሰውነት ክፍል ጋር ግንኙነት የለውም ብሎ የሚከራከር ሐኪም አይገኝም ነበር። አፍ ውስጥ ሲሆን ግን ‹‹የጥርስ ጉዳይ ነው›› ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ወደ ልብ። ነገሩን ወደ ዘመናዊ ምርምር መድረክ ካመጡት ጥናቶች አንዱ በፊንላንድ ተሠርቶ በ1989 ታትሟል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታቸው 100 ሰዎች ከ102 ሌሎች ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የሕሙማኑ አፍ በግልጽ የከፋ ሆኖ ተገኘ። በ1993 ደግሞ 9,760 አሜሪካውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት የድድ ሕመም ባለባቸው ላይ የልብ ደም ሥር ሕመም ዕድል በ25 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳየ። በስኮትላንድ 11,869 ሰዎች ስለ ጥርስ ማጽዳት ልማዳቸው ተጠይቀው በአማካይ ስምንት ዓመት ክትትል ተደረገባቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማያጸዱት፣ ሁለት ጊዜ ከሚያጸዱት ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ70 በመቶ የላቀ ነበር። እኔ አብልጬ የማየው ግን በ2016 የታተመውን የስዊድን ጥናት ነው፤ ምክንያቱም ሰውን በመጠየቅ አልተወሰነም፣ አፉን መርምሯል፣ አጥንቱን በራጅ ለክቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ልባቸውን የታመሙ ዕድሜያቸው ከ75 በታች የሆኑ 805 ሰዎች፣ በዕድሜ፣ በጾታና በመኖሪያ አካባቢ ከሚመሳሰሏቸው 805 ጤነኞች ጋር ተነጻጸሩ። የድድ ሕመም በሕሙማኑ ዘንድ 43 በመቶ፣ በጤነኞቹ ዘንድ 33 በመቶ ሆነ። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ትምህርትና ትዳር ከግምት ገብተው እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም፤ 28 በመቶ ያህል ቀረ።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ እጁን ያነሳል፤ ማንሳትም አለበት። ሲጋራ ድድንም ልብንም ይጎዳል። ድህነት ሁለቱንም ይጎዳል። ጥርሱን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያጸዳ ሰው መድኃኒቱንም በሰዓቱ የሚውጥ፣ በእግሩም የሚሄድ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ድዱ የልቡ ሕመም መንስኤ ሳይሆን አብሮ የሚጓዝ ምልክት ብቻ ቢሆንስ? ይህ ክርክር ቀልድ አይደለም። በ2000 በአሜሪካ ቀደም ያለውን መረጃ እንደገና የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ሌሎቹ መንስኤዎች በጥንቃቄ ከተነጠሉ በኋላ አሳማኝ የመንስኤነት ግንኙነት አላገኘንም ሲሉ ጽፈዋል፤ በኋላም ትልቁ አሳሳች ሲጋራ መሆኑን አጥብቀው ተከራክረዋል። ለዚህ ሙግት እኔ ያለኝ መልስ ማስተባበያ ሳይሆን ጥሪ ነው። በ2016 በአገራችን በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበር። አውሮፓና አሜሪካ ከሲጋራው ጢስ አልለይ ያላቸውን ጥያቄ ጢሱ ሳሳ ባለበት አገር ማጥናት ይቻላል ማለት ነው። በእርግጥ እኛ ዘንድ ጫት አለ፤ ስኳር የበዛበት ሻይም አለ፤ እነርሱም መለካት አለባቸው። ነገር ግን ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ከሌላው ዓለም የተሻለ መልስ ልትሰጥ የምትችልበት ዕድል በእጇ አለ፤ አልተጠቀመችበትም እንጂ።

ስታቲስቲክሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር። ግንኙነቱ የሚያልፍባቸው መንገዶች ግን በከፊል ታይተዋል። የመጀመሪያው መንገድ የባክቴሪያው ራሱ ጉዞ ነው። በ2000 በታተመ ጥናት ከአንገት የደም ሥር በቀዶ ሕክምና የወጡ 50 የተደፈኑ ናሙናዎች ተመርምረው 44 በመቶው ቢያንስ የአንድ የድድ ባክቴሪያ የዘር ምልክት ተገኘባቸው። ይህ ባክቴሪያው እዚያ መድረሱን እንጂ እዚያ ጥፋት መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ሌባ በቤቱ አጠገብ ታየ ማለት ሰረቀ ማለት አይደለም። ሁለተኛው መንገድ የቁጣው ወሬ መዛመት ነው። ድድ ውስጥ ያለው ብግነት ጉበት ሲአርፒ የተባለውን ፕሮቲን እንዲያመርት የሚያደርጉ መልእክቶችን ወደ ደም ይልካል፤ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋንም ይደነድናል። ይህን በሙከራ ያሳየው በ2007 የታተመው ጥናት ነው። ከባድ የድድ ሕመም ያለባቸው 120 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ የተጠናከረ የድድ ሕክምና አገኙ። በማግስቱ የክንዳቸው ደም ሥር የመለጠጥ ችሎታ ባሰበት፤ ማጽዳቱ ራሱ ባክቴሪያ ወደ ደም ይለቅቃልና። ከስድስት ወር በኋላ ግን ሕክምናውን ካላገኙት ይልቅ በግልጽ ተሻለ። ለእኔ የማግስቱ መባስ ከስድስት ወሩ መሻል ያላነሰ ይናገራል፤ አፍ ውስጥ የሆነው ነገር በአንድ ቀን ክንድ ላይ ባለው ደም ሥር ላይ ሲነበብ ማለት ነው። ብግነት ራሱ ለልብ ሕመም መንስኤ መሆኑን ደግሞ ከድድ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ ሙከራ አጠናክሮታል፦ በ2017 በታተመው ውጤት፣ ልባቸውን ታመው በነበሩ 10,061 ሰዎች ላይ ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት ተሞክሮ የልብና የስትሮክ አደጋን 15 በመቶ ያህል ቀንሷል።

ታዲያ ድድን ማከም የልብ ሕመምን ይከላከላል? አልተረጋገጠም። ይህን በግልጽ መጻፍ የዚህ ደብዳቤ ግማሽ ዓላማ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 ባወጣው መግለጫ ግንኙነቱ በሌሎች የታወቁ መንስኤዎች ብቻ የማይብራራ መሆኑን ተቀብሎ፣ የድድ ሕክምና የልብ ሕመምን እንደሚከላከል የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም ብሏል። የአውሮፓ የድድ ሕክምና ፌዴሬሽንና የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2020 በጋራ ባወጡት ስምምነት ግንኙነቱን የበለጠ አጠንክረው ቢገልጹትም፣ የመከላከሉን ጥያቄ ሊዘጋ የሚችል ሙከራ እንደሌለ አልካዱም። ሙከራዎችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም ማስረጃው አይበቃም ይላል። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፦ እንዲህ ያለ ሙከራ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት መከታተልና ከመካከላቸው ግማሾቹን ድዳቸው እየደማ ሳያክሙ መተው ይጠይቃል፤ ይህን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ‹‹ጥርስህን ፋቅ፣ ልብህ ይድናል›› የሚል ፖስተር ለመለጠፍ የሚቸኩል ካለ እባካችሁ አቁሙት። ያልተረጋገጠ ተስፋ የሚሸጥ ዘመቻ ነገ ሲጋለጥ የተረጋገጠውንም ይዞ ይወድቃል።

‹‹ካልተረጋገጠ ምን አስቸኮለህ?›› መባሉ አይቀርም። መልሴ ሦስት አቅጣጫ አለው፤ ሦስቱም በአገራችን ክሊኒኮች ውስጥ ያሉ ሕሙማንን ይነካሉ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የሩማቲክ ልብ ሕመምተኞችን ነው። እስካሁን የተናገርኩት ስለ ደም ሥር መጥበብ ነበር። የልብ ቫልቭ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል። በልጅነት ያልታከመ የስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም ቫልቩን ያበላሸበት ሰው፣ አፍ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች የስትሬፕቶኮከስ ዓይነቶች በደም ተጉዘው በዚያ ሻካራ ቫልቭ ላይ ቢሰፍሩበት ኢንዶካርዳይተስ የሚባለው የልብ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። እዚህ ላይ የመንስኤነት ክርክር የለም። ባክቴሪያው ከደም ናሙና ይበቅላል፣ ይለያል፣ ስሙ ይጻፋል። በሽታው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድል ነበር፤ ዛሬም በደንብ በተደራጁ ሆስፒታሎች ውስጥ እንኳ ከአምስቱ ሕሙማን አንዱ ገደማ ይሞትበታል። ሕክምናው ለሳምንታት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜም የልብ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። በጥቁር አንበሳ ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል ሥራ ከጀመረ ከ2009 ወዲህ በበጎ አድራጊዎች፣ በአገር ውስጥና ከውጭ በሚመጡ ሐኪሞች ትከሻ ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ ወረፋው የቱን ያህል እንደሆነ ሚኒስቴሩ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በስንት ልፋት የተጠገነ ቫልቭ ባልታየ ድድ ምክንያት ሲበላሽ ኪሳራው የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም።

ሰዎች ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባው ጥርስ ሲነቀል ብቻ ይመስላቸዋል። በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን በ290 ሰዎች ላይ ፈትኗል። ያለ መድኃኒት ጥርስ ከተነቀለላቸው 60 በመቶው፣ አስቀድመው አሞክሲሲሊን ከወሰዱት 33 በመቶው ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። ጥርሳቸውን በቡርሽ ብቻ ካጸዱትስ? 23 በመቶ። የነቀላው መቶኛ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ጥርስ በዕድሜ ልክ ስንት ጊዜ ይነቀላል? ቡርሽና መፋቂያ ግን በየቀኑ ናቸው። ይኸው ቡድን በተከታዩ ዓመት ያወጣው ትንታኔ ደግሞ ነገሩን ወደ ድድ መለሰው፦ ካጸዱ በኋላ ድዳቸው በሰፊው የሚደማ ሰዎች ባክቴሪያ ወደ ደማቸው የመግባቱ ዕድል በስምንት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም አስቀድሞ፣ ከ2007 ጀምሮ፣ ከጥርስ ሕክምና በፊት መድኃኒት የሚሰጣቸውን ሰዎች ቁጥር ሰው ሠራሽ ቫልቭ ወዳላቸውና ወደ ጥቂት መሰሎቻቸው አጥብቦ፣ ለቀሪው ሁሉ ዋናው መከላከያ ጤነኛ አፍ ነው ብሏል። የሩማቲክ ሕመም ያላቸው በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባቸው ወይስ የለባቸውም በሚለው አገሮች ይለያያሉ፤ በሽታው በነባር ሕዝቦቿ ዘንድ የበዛባት አውስትራሊያ ታካትታቸዋለች። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አፉ ይጠበቅ በሚለው ነው።

አሁን የእኛን የሩማቲክ ሕሙማን አስቡ። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሊወጉ ይመጣሉ። በጤና ሥርዓታችን ውስጥ እንደ እነርሱ በቋሚነት ከነርስ ፊት የሚቀርብ ሰው ጥቂት ነው፤ በዓመት ከ12 ጊዜ ያላነሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ‹‹ድድሽ ይደማል?›› ተብላ የምትጠየቅ ልጅ ስንቷ ናት? የወር መርፌው የጉሮሮውን ኢንፌክሽን ይከላከላል እንጂ ከኢንዶካርዳይተስ አይከላከልም፤ ብዙ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ግን መርፌው ሁሉንም የሚሸፍን ይመስላቸዋል። ያን ስሕተት ለማረም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የሚናገረው ሰው እስካለ ድረስ።

ሁለተኛው የስኳር ሕመም ነው፤ እዚህ ደግሞ የሙከራ ማስረጃ አለ። ስኳር ድድን ያባብሳል፤ የተቆጣ ድድም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። በ2022 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ የድድ ሕክምና የሦስት ወሩን የስኳር ልኬት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ 0.43፣ በዓመቱ ደግሞ 0.5 የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ በመድኃኒት ላይ ሌላ መድኃኒት ሲጨመር ከሚገኘው ውጤት እምብዛም አያንስም፤ የሚገኘውም በጥርስ እጥበት ነው። ስኳር ያለበትን ሰው አብዝቶ የሚገድለው ልቡ መሆኑን ሐኪሞች አይስቱትም። በድድና በልብ መካከል ያለው ቀጥተኛ መንገድ አከራካሪ ቢሆንም፣ በስኳር በኩል የሚዞረው መንገድ ጠንካራ ነው። ሦስተኛው በጣም ቀላል ስለሆነ አላረዝመውም፦ የድድ ሕመም ከልብ ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖረው እንኳ ጥርስ ያስወልቃል፣ ማኘክ ይከለክላል፣ የአፍ ጠረን ያበላሻል፣ ሰውን ከሰው ያርቃል። ራሱን ችሎ ሊታከም የሚገባው በሽታ ነው።

‹‹የጥርስ ሐኪም የታለና?›› የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው በአፍሪካ ቀጠና ለ10,000 ሰው የሚደርሰው የጥርስ ሐኪም ከግማሽ በታች ነው፤ ከዓለም አማካይ አንድ አሥረኛ ገደማ። የማይታከም በሽታ ፈልጎ ማግኘት ምን ይረባል? በዚህ ሙግት ውስጥ እውነት አለ፦ ለደነደነው የጥርስ ድንጋይ እጥበት ያስፈልጋል፤ እጥበት ደግሞ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ነገር ግን የሎ 12 ሰዎች ያለ ሐኪም ነው የዳኑት። ድዱ መድማት የጀመረ፣ ገና ኪስ ያልሠራ ሰው የሚያስፈልገው ጥሩ ምክርና ጽናት ነው። በሚደማው ድድ ላይ ያለው ትልቁ ስሕተትም የምክር ጉድለት ነው፤ ሰው ድዱ ሲደማ ‹‹ቆሰለ›› ብሎ ማጽዳቱን ይተዋል፤ ይህ እሳቱ ሲጨስ ውኃውን እንደማራቅ ያለ ነው። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያላላል የሚለውም እንዲሁ፦ ጥርሱን ያላላው አጥንቱን የበላው ሕመም ነው፤ ድንጋዩ ደግፎ ይዞት ስለነበር ሲነሳ መላላቱ ይታያል እንጂ።

መፋቂያውም አለ። ወይራውና ክትክታው በየመንደሩ ይገኛል፤ በቆላው ዘንድ ደግሞ የአራክ ዛፍ ሥር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ የመፋቂያን ጥቅም ተቀብሎ እንዲበረታታ መክሯል። ችግሩ መፋቂያው ሳይሆን አፋፋቁ ነው። አብዛኛው ሰው የሚፍቀው የሚታየውን የጥርስ ፊት ነው፤ ሕመሙ ግን የሚጀምረው ከድዱ ጠርዝ፣ በጥርሶች መካከልና በምላስ በኩል ነው። ጫፉ በደንብ ታኝኮ እንደ ቡርሽ የለሰለሰ መፋቂያ ወደ ድዱ ዘንበል ተደርጎ ቀስ እያለ ቢሄድ ነው የሚጠቅመው፤ እንደ መጋዝ የሚሄደው ድዱን ያሸሻል። ይህን ለማሳየት ዲግሪ አያስፈልግም። ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ጎጂ መሆናቸውን በየቤቱ ሲያስተምር ኖሯል። ስለ አፍ ለመነጋገር በሩ አንዴ ተከፍቷል ማለት ነው፤ እስካሁን የተነገረው ግን ‹‹አትንኩት›› ብቻ ነው። እንዴት እንደሚጠበቅ ቢጨመርበት ከባድ አይሆንም።

ሌላው ተቃውሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው፦ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የእናቶች ሞት እያለ ድድ? በ2015 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎቻችን 16 በመቶ ያህሉ ደም ግፊት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። በዚህ ቁጥር ፊት የደም ግፊት መድኃኒት ከድድ እጅግ እንደሚቀድም እቀበላለሁ። አንድ ብር ብቻ ቢኖር ለመድኃኒቱ ይሁን። እኔ የጠየቅሁት ግን ብሩን አይደለም፤ ሕመምተኛው ክትትል ላይ ሳለ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፦ ድድህ ይደማል? የተነቃነቀ ጥርስ አለህ? መግል ወይም የማይለቅ መጥፎ ጠረን አለ? ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። ‹‹አዎ›› የሚለው ምክር ያገኛል፤ ጥርሱ የተነቃነቀው፣ ስኳር ያለበትና ቫልቩ የተጎዳው ቀድሞ ወደ ጥርስ ክፍል ሪፈር ይጻፍለታል። ወረፋ ባለበት አገር ማን ይቅደም የሚለውን ማወቅ ራሱ ሕክምና ነው።

አንድ ፍርሃት አለኝ፤ እርሱም መልካሙ ሐሳብ ወደ መድኃኒት ማዘዝ ይዞራል የሚለው ነው። የድድ ሕመም ከባክቴሪያ የሚመጣ ከሆነ፣ ባክቴሪያም ልብ ከደረሰ፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዝ የሚል አእምሮ ሩቅ አይደለም። ይህ ተሞክሯል። በ2005 በታተመ ሙከራ 4,012 የልብ ሕመምተኞች ለአንድ ዓመት በሳምንት አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን ወይም ባዶ ክኒን ወስደው ምንም ልዩነት አልታየም። ሙከራው ያነጣጠረው በሌላ ባክቴሪያ ላይ ቢሆንም ትምህርቱ ያገለግለናል፤ ሽፋኑና ድንጋዩ በእጅ ካልተነሣ ክኒን አያነሣውም። መድኃኒት በየሱቁ ያለ ማዘዣ በሚገኝበት አገር ‹‹ድድ ልብን ይጎዳል›› የሚል መልእክት ‹‹አሞክሲሲሊን ግዛ›› ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። መመሪያው ሲጻፍ ይህ በግልጽ ይከልከል፤ ቫልቫቸው ለተጎዳባቸው ከጥርስ ሕክምና በፊት የሚሰጠው የአንድ ጊዜ መጠን ብቻ ለብቻው ይብራራ።

እንግዲህ ሚኒስቴሩን የምጠይቀው ይህን ነው። በደም ግፊት፣ በስኳርና በልብ ክትትል ካርዶች ላይ የድድ ጥያቄዎቹ ይታተሙ፤ በሩማቲክ ሕሙማን የመርፌ ካርድ ላይ ደግሞ የመጨረሻው የአፍ ምርመራ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሕሙማን ወረፋቸው ሳይደርስ አፋቸው ይታይ፤ ቫልቭ ከገባ በኋላ ከሚደረግ ነቀላ ይልቅ አስቀድሞ የሚደረገው ይሻላልና። የጥርስ እጥበት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጥቅል ውስጥ፣ ቢያንስ ለስኳርና ለቫልቭ ሕሙማን፣ ስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። ቀጣዩ ብሔራዊ የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ሲዘጋጅ የዓለም ጤና ድርጅት በአማራጭነት ያዘጋጀው የአፍ ጤና ክፍል አብሮ ይካተት፤ ከተቻለም በተወሰኑ ቦታዎች መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ድዱ ይለካ። የ2023–2030 ዓለም አቀፍ የአፍ ጤና ዕቅድ በ2030 ከዓለም ሕዝብ 80 በመቶው መሠረታዊ የአፍ ሕክምና እንዲያገኝ ግብ ጥሏል፤ ያ ግብ ለእኛ የሚቀርበው በአዳዲስ የጥርስ ክሊኒኮች ብቻ አይደለም፣ አስቀድሞ በተከፈቱት የክትትል ክፍሎች በኩልም ነው።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ አድርጉ ብባል የመርፌውን ካርድ እመርጣለሁ። ሕሙማኑ ይታወቃሉ፣ ስማቸው በመዝገብ ላይ አለ፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር